ድንበር የገፋ ጎረቤትና ያልተመለሰ ብድር፦ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ወረዳ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። እናታቸው በቃሉ ወረዳ አንድ የገጠር ቀበሌ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። አዋሳኛቸው በበልግ እርሻ ጊዜ ድንበሩን አልፎ አረሰ። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት 4,000 ብር በቃል ተበድሮ አልመለሰም። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ነገሩ አልተቋጨም። የቀበሌው ሊቀመንበር «ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ክሰሱ» ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ «ወረዳ ካልሄዳችሁ ከንቱ ነው» ይላል። ለጠበቃ የሚከፈል የለም። ከየት እንጀምር?

ሁለቱም መካሪዎች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እናትዎ ያላቸው አንድ ክስ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መሄድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የድንበሩ ጉዳይ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የብድሩ ጉዳይ የገንዘቡ መጠን ከሥልጣኑ ካላለፈ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የገንዘቡ ጣሪያ በክልሉ አዋጅ የሚወሰንና በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ፣ ክስ ከመጻፍዎ በፊት ወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ ገብተው «ዛሬ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ ስንት ብር ያያል?» ብለው ይጠይቁ። የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ናት፤ የወራት ምልልስ ታድናለች።

ከመሬቱ እንነሳ፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና።

ብዙ አዛውንቶች የመሬት ክርክር በቀበሌ ያልቃል ብለው የሚያምኑት ያለምክንያት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት የመሬት ክርክር የሚያይ የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ፈቅዶ ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ ሸንጎ የሚለው ስም ግን በሰው አፍ ቀርቷል። ዛሬ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ መሠረት የይዞታ ክርክር መጀመሪያ በስምምነት ወይም በሽምግልና ይሞከራል፤ ካልተፈታ የወረዳ ፍርድ ቤት ይዳኘዋል። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ስለ ድንበሩ «ወስነናል» ቢል እንኳ ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ውሳኔ ነውና ጎረቤትዎ ይግባኝ ብሎ ያፈርሰዋል። ከዚያ እናትዎ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። በዚህ መሃል ሁለት እርሻ ያልፋል።

ሁለት እርሻ የምንለው ለማጋነን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው መሬቱ እንዲመለስለት፣ ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን ከድርጊቱ ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በሽምግልና የጠፋው ጊዜ ከዚህ ላይ አይቀነስም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለእናትዎ ደውለው «ያረሰው መቼ ነው?» ይበሉ። ቀኑን በትክክል ባያስታውሱት «ከእገሌ ተዝካር ማግሥት»፣ «ከረመዳን በፊት በነበረው ሳምንት» ይላሉ፤ ከዚያ ቀኑን ማውጣት ይቻላል። ያወጡትን ቀን በወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ቀጥሎ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አብሮ እንዲሰፍር ሆኖ ነው የተሠራው፤ የእናትዎ ስም ካለበት ትልቁ ሥራ አልቋል። በሟች አባትዎ ስም ብቻ ከሆነ ግን ተከሳሹ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «ከሳሿ በዚህ መሬት ላይ መብትና ጥቅም የላትም» ብሎ መቃወሚያ ያነሳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33 ከሳሽ በጉዳዩ ላይ መብት እንዲኖረው ይጠይቃልና መዝገቡ ያለ ፍሬ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አስቀድመው የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ስሙ እንዲዛወር ያመልክቱ። ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ከተሰጣቸው ካርታ አብሮት አለ፤ ድንበሩ በልኬት ስለሰፈረ ከሃያ ምስክር ይበልጣል። የመጀመሪያው ደብተር ብቻ ካላቸው በአራቱ አቅጣጫ የተጻፉትን የአዋሳኞች ስሞች ይመልከቱ። ከአዋሳኞቹ አንዱ ሞቶ ወይም መሬቱን አዛውሮ ከሆነ አሁን ያለውን ሰው ስም ጎን ይጻፉት።

ከዚያ ማሳው ላይ ይውጡ። ድንበሩ ብዙውን ጊዜ ድንጋይ፣ እርከን፣ ቦይ ወይም ያልታረሰ የሣር ጥብጣብ ነው። የገፋ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሣሩን ገልብጦ አንድ ትልም መጨመር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትልም፤ በሦስተኛው ዓመት ድንጋዩን ራሱ ያነሳዋል። ማሽላው ወይም ጤፉ ካደገ በኋላ ማንም አይለየውም። ፎቶ ማንሳት ያለብዎት መሬቱ ባዶ ሳለ ነው፤ አንዱን ከሩቅ፣ ዛፍ ወይም ቤት እንዲገባበት አድርገው፣ ሌላውን ከቅርብ የትልሙን መጀመሪያና መጨረሻ። በሜትር ለኩት፤ ሜትር ከሌለ በታወቀ ርዝመት ገመድ። ስልክዎ ቀኑን ይመዘግባል፤ ፎቶውን አይቁረጡ፣ አያሳምሩ። ድንጋዩን ደግሞ ራስዎ አይመልሱት፤ ማስረጃውን ያጠፋሉ፣ ጠብም ይነሳል።

በመቀጠል ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ «ወሰኑን ለክታችሁ ያያችሁትን በቃለ ጉባኤ አስፍሩልን» ብለው። ኮሚቴው ዳኛ አይደለም፣ አይፈርድም፤ ያየውን የሚጽፍ ምስክር ግን ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙ ያድርጉ። ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይዘሉታል፤ ከስድስት ወር በኋላ «ማንም አላመለከተንም» ሲባል መልስ የላቸውም።

ክሱን ሲያጽፉ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች «ተከሳሽ መሬቴን በጉልበት ስለወሰደብኝ ፍትሕ ይሰጠኝ» ብለው ገጽ ሊሞሉልዎት ይችላሉ። ዳኛው ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። ማየት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦ «ስፋቱ 1 ጥማድ የሆነው ማሳዬ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ቦይ፣ በደቡብ የተከሳሽ ማሳ ያዋስኑታል። ተከሳሽ በየካቲት ወር … ቀን በደቡብ በኩል ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከግማሽ የሆነ መሬት ገፍቶ አርሷል።» ይህ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብለን ብንይዘው ከ2,500 ካሬ ሜትሩ 4 በመቶ። በቁጥር ሲቀመጥ ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዳኛው ባለሙያ ልኮ ለማስለካት የሚችለው ቁጥር ሲኖር ነው። መጨረሻ ላይ የሚጠይቁትን ነጥብ በነጥብ ይጻፉ፤ ሁከቱ እንዲወገድ፣ መሬቱ እንዲመለስ፣ የአንድ ወቅት ምርት ኪሣራ በዚህን ያህል ብር፣ ወጪና ኪሣራ። ያልጠየቁትን ፍርድ ቤት አይሰጥም። ጎረቤትዬው ከዚህ በፊት የእናትዎን መሬት በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለመካፈል ተስማምቶ፣ አርሶ ከነበረ አይደብቁት፤ እሱ ያነሳዋል፤ መጀመሪያ እናንተ «ከዚህ እስከዚህ ዓመት በእኩል ያርስ ነበር፣ ተቋርጧል» ብላችሁ ጻፉት። ባል የሞተባቸው ሴቶች መሬት ከእጃቸው የሚወጣበት ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ በእኩል የገባ ሰው እያደር ባለይዞታ ነኝ ይላል።

የምስክሮች ዝርዝር ከክሱ ጋር ነው የሚያያዘው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስለምን እንደሚመሰክሩ። ሦስት ደህና ምስክር ከአሥር ዘመድ ይሻላል፦ በሌላው በኩል ያለ አዋሳኝ፣ መሬቱ ሲመዘገብ የነበረ የኮሚቴ አባል፣ ለእናትዎ የሚያርስላቸው ሰው። ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ። እርስዎ ኮምቦልቻ ስለሚኖሩ ኮምቦልቻ ከተማ ያለው ፍርድ ቤት ቢቀርብዎትም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ መሬቱ ባለበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው፤ መሬቱ ቃሉ ከሆነ የቃሉ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሰውየው እንደገና ለመዝራት እየተዘጋጀ ከሆነ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሐላ አስደግፈው ያስገቡ፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ለዚህ ነው የተጻፈው። ይህን ሁሉ ከክረምቱ በፊት ለማድረስ ይሞክሩ፤ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ አስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ አይታይም።

ወደ ብድሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ለገጠር ሰው ከባድ ነው፤ በግልጽ መናገር ይሻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዶሮ አይገዛ ይሆናል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ለ4,000 ብሩ አምስት ሰው «ስትሰጠው አይቻለሁ» ቢል አይበቃም። ብዙ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ይህን ሳያስተውሉ በምስክር ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ ሲባል ይሰረዛል። እናትዎ አሸነፍኩ ብለው ደስ ካላቸው በኋላ ፍርዱ ሲገለበጥ ማየት በጣም ያሳዝናል።

መንገዱ ምንድነው? ክስ ከመመሥረት በፊት ሰውየው እንዲያምን ማድረግ። በሽምግልናው ላይ «ተበድሬአለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ያንን ቃል እዚያው በወረቀት ያስፍሩት፦

«እኔ … ከወይዘሮ … በ… ዓ.ም. … ወር 4,000 (አራት ሺህ) ብር ተበድሬ ያልከፈልኩ መሆኔን አምናለሁ። እስከ … ቀን … ዓ.ም. ድረስ እከፍላለሁ።» ቀን፣ የተበዳሪ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።

ይህች ወረቀት አራት መስመር ናት፤ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልጋትም። ሆኖም ተበዳሪው መጻፍ የማይችል ከሆነና አሻራውን ብቻ ካኖረ ተጠንቀቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። በዛፍ ጥላ ሥር የተነካ አሻራ ይህን አያሟላም፤ ሰውየውን ይዘው ሰነድ ማረጋገጫ ይሂዱ። ለእናትዎም ይኸው ነው፤ ያልገባቸው ወረቀት ላይ ጣታቸውን እንዳያኖሩ።

አላምንም ካለስ? ያኔ የሚቀረው መሐላ ነው። ከሳሽ ተከሳሹ እንዲምል መጠየቅ ይችላል። ወሎ ውስጥ ቁርኣን ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ በሐሰት መማልን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ችሎት ፊት ቆሞ «ተበድሬአለሁ» ብሎ የሚመለስም አለ። ግን ሰውየው ደፍሮ «አልተበደርኩም» ብሎ ከማለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ በኋላ በምስክር ልምጣ ቢሉ አይሰማም። ስለዚህ መሐላ የመጨረሻ እርምጃ ይሁን፤ ከመጠየቅዎ በፊት ከእናትዎ ጋር ተቀምጣችሁ «ይህ ሰው ይምላል ወይስ አይምልም?» ብላችሁ በቅንነት ተመካከሩ።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱን በተመለከተ፣ ዳኞቹ የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው፤ የሕግ ትምህርት የላቸውም፤ ደመወዝ የላቸውም፤ ከእርሻ ተመልሰው ነው የሚያስችሉት። ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሰዉን ያውቃሉ፣ ቅርብ ናቸው፣ እናትዎ ለአንድ ቀጠሮ የመኪና ገንዘብ ሳይፈልጉ በእግራቸው ሄደው የሚመለሱበት ችሎት ነው። ብድር፣ የከብት ጥፋት፣ ትንሽ ዕዳ በዚህ ደረጃ ማለቁ ተገቢ ነው። የሚበላሸው ባልታወቁ ትንንሽ ነገሮች ነው። ዳኞቹ ሳይሟሉ ይሰየማሉ። ከዳኞቹ አንዱ የተከሳሹ አማች ሆኖ ማንም አያነሳውም። መጥሪያው በሰው ይላካል፤ ተቀባዩ ሳይፈርም ይቀርና ተከሳሹ «አልተጠራሁም» ይላል። ሊቀመንበሩ ችሎት ገብተው አስተያየት ይሰጣሉ። ፍርዱ በቃል ይነገርና ጽሑፉ ለሳምንታት አይገኝም።

ለእያንዳንዱ የሚደረግ ነገር አለ። መጥሪያ ሲሰጥ ተቀባዩ እንዲፈርም፣ እምቢ ካለ እምቢታው በምስክር እንዲጻፍ ይጠይቁ። ዝምድና ያለው ዳኛ ካለ ክሱ ሳይሰማ በፊት ይቃወሙ፤ ከፍርድ በኋላ ማንሳት ተሸንፎ ምክንያት መፈለግ ይመስላል። ፍርዱ በተነበበ ዕለት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ግልባጩ መቼ ይሰጣል፣ ይግባኝ እስከ ስንት ቀን ነው። የይግባኝ ቀኑን ግልባጩ ላይ ራሳቸው እንዲጽፉት ያድርጉ። ይግባኙ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤት ደግሞ ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ያም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። ወሎ አባጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የኖሩበት አገር ነው፤ ሽምግልናን የሚንቅ ሰው ይህን ሕዝብ አያውቀውም። የቅሬው (የእድሩ) ዳኛም ቢሆን «ዳኛ» የሚል ስም አለው፣ ቃሉም ይከበራል። ግን የቅሬ ዳኛ ቃል የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም። በተቃራኒው በጽሑፍ የተፈረመ የእርቅ ስምምነት ደግሞ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ይከብዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። እናትዎን «ለጎረቤት ሲባል፣ ለአላህ ሲባል ተይለት» ብለው አባብለው ቢያስፈርሟቸው መመለሻው ጭንቅ ነው። ብቻቸውን የሆኑ ሴቶች ላይ ይህ ጫና በተለይ ይበረታል፤ ሽማግሌዎቹ ወንዶች፣ ተከሳሹም ወንድ፣ እሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው። በሚቀጥለው ሽምግልና እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ከጎናቸው ይቀመጥ፤ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ስለ ወሰኑ ከተስማሙ ልኬቱ በሜትር ይጻፍና ለመሬት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይግባ። ሙስሊም ከሆናችሁ «ወደ ሸሪዓ እንሂድ» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የሃይማኖት ዳኝነትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ያውም ሁለቱም ወገን ሲስማሙ። የጎረቤት ድንበር እዚያ አይታይም።

የገንዘቡ ነገር። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደሃ ደንብ እንዲከሱ የሚፈቅድ ሥርዓት አለ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ተጽፏል። እናትዎ ያላቸውን ንብረት ሁሉ ዘርዝረው፣ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አያይዘው ከክሱ ጋር ያመለክታሉ። አንዲት ላም እንኳ ብትኖር ይጻፏት፤ ተደብቃ ከተገኘች ፈቃዱ ይቀራል። ለክስ ጽሑፍና ለምክር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ አገልግሎት ይሰጣል፤ ደሴ ሲወጡ ደብተሩን፣ ፎቶዎቹን፣ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤና ቀኖቹን የጻፉበትን ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ ይዘው ይሂዱ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው ምክር ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ሰነድ ይዞ የሄደ ክስ አስጽፎ ይመለሳል።

እርስዎ በእናትዎ ፋንታ መቆም ይችላሉ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 58 ልጅ ለወላጁ ወኪል ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ውክልናውን በሰነድ ማረጋገጫ አሠርተው ይያዙ፤ «ለመክሰስ፣ ለመከራከር፣ ይግባኝ ለማለት፣ ለማስፈጸም» የሚሉት ቃላት ሁሉ እንዲገቡበት ያድርጉ። ፋብሪካ ፈረቃ ካለብዎት ቀጠሮው በተሰጠበት ዕለት ፈረቃዎን ያስቀይሩ። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ በቂ ምክንያት ይዘው በአንድ ወር ውስጥ ካላስከፈቱት ያንኑ ክስ እንደገና ማቅረብ አይቻልም። የገጠር ሰው የሚሸነፈው በማስረጃ እጦት ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ሞልቶ፣ መኪና ጠፍቶ፣ ረፋድ ላይ ደርሶ ስሙ ተጠርቶ ካለፈ በኋላ ነው። እናትዎ ራሳቸው መቅረብ ካለባቸው ከዋዜማው እርስዎ ዘንድ ይደሩ።

ፍርድ ካገኙ በኋላ ፍርዱ ራሱን አያስፈጽምም። የአፈጻጸም ማመልከቻ ለብቻው ይቀርባል፣ አዲስ የመዝገብ ቁጥር ይወጣለታል። ለብድሩ የሚያዝ ንብረት ሲጠቁሙ ሰውየው የሚሠራበትን የእርሻ መሣሪያ አይጥቀሱ፤ ሕጉ እንዳይያዝ ይከለክላል። ለመሬቱ ደግሞ ወሰኑ ተመልሶ ሲተከል የመሬት ባለሙያው፣ የቀበሌው ኮሚቴና ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ይሁን፤ ድንጋዩ የት እንደተተከለ በሜትር ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ ከደብተሩ ጋር በእናትዎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።